ወፏ ያየችው ጥቁር ባና

ሰው ቤት ስገባ ዛሬም መጀመሪያ የማየው የባለቤቱን ፊት ሳይሆን የተቀመጠበትን ነው። ጎረቤቶቼ አመሌን ለምደውታል። «እትዬ በላይነሽ መጡ፣ ከወንበርሽ ተነሺ» እየተባባሉ ይሥቁብኛል። ይሣቁ። ጡረታ ስወጣ ደመወዜ ቀነሰ፣ ጉልበቴም ቀነሰ፤ ጥርጣሬዬ ግን እንዳለ ነው።

የተሸኘሁ ቀን ባልደረቦቼ ጥላ ሸለሙኝ። አንድ ወጣት መኮንን ተነሥቶ ስለ እኔ ረጅም ንግግር አደረገ። የማያውቀኝ ልጅ ነው፤ እኔ ሌባ ሳሳድድ እሱ ገና አልተወለደም። «በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድ ስሕተት ያልተገኘባቸው» ሲል ሰዉ አጨበጨበ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቃል አላምንም ስል ኖሬ፣ ያን ዕለት ስለ ራሴ የተባለውን አመንኩ። ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ።

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ሐዘን ነው። ባሌ ዓለም ከተማ ላይ ፖሊስ ነበር። ሽፍታ ፍለጋ ጀማ ሸለቆ ወርዶ ወባ ይዞ ተመለሰና ሞተብኝ። በዚያን ጊዜ ወንድ ፖሊስ ሴት እስረኛን መፈተሽ ነውር ነበርና፣ ሴት በተያዘች ቁጥር ጣቢያው ይጨነቃል። የሟች ሚስት አለች ተብሎ ተጠራሁ። ማዕረግ የለኝ፣ ካኪ የለኝ፤ በቀሚሴና በነጠላዬ «ፈታሽ» ሆንኩ። የሚከፈለኝ ለጨውና ለጋዝ ያህል ነበር። ገበያ ላይ ሴቶች ሲያዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ይህ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሃምሳ አለቃ ንጋቱ ናቸው። አጭር፣ ደረቅ፣ ከኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ የማይጠፋ የመርሐቤቴ ሰው ነበሩ። ተጠርጣሪ ፊት ይቀመጡና ቆሎአቸውን አንድ አንድ እያደረጉ ይቆረጥማሉ እንጂ አይጠይቁም። ዝምታው የከበደው ሰው ራሱ ይጀምራል። አንድ ነገር ሲነግራቸው ደግሞ የሚመልሱት አንድ ነው፤ «ይህን ከማን ሰማህ?» እገሌን ጥሩት ይላሉ፤ እገሌ ሲመጣም «አንተስ ከማን ሰማህ?» ወሬውን እንዲህ ወደ ኋላ እየነዱ የመጀመሪያው አፍ ላይ ሲያደርሱት፣ ነገሩ ግማሽ አልቋል ማለት ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት የሰጡኝ የቤተ ክርስቲያን የብር ጽዋ ጠፍቶ አንዲት ጠላ ሻጭ በተጠረጠረች ጊዜ ነው። ቤቷን ገለባበጥኩት። ጎታውን፣ ጋኑን፣ የምድጃውን አመድ ሳይቀር በረበርኩ። ምንም የለም። ሃምሳ አለቃ በር ላይ ቆመው ሲቆረጥሙ ቆዩና «በላይነሽ፣ ሴትዮዋ ከገባሽ ጀምሮ ተነሥታለች?» አሉኝ።

«ኧረ አልተነሣችም» አልኩ።

«እንግዲያው ገና አልጀመርሽም።»

ጽዋው ከተቀመጠችበት የገለባ ትራስ ውስጥ ወጣ። በመንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ፤ «ሰው የሚፈራበትን ነገር አርቆ መደበቅ አይችልም፤ ሆዱ እሺ አይለውም። ፍተሻ ስትጀምሪ ከመቀመጫው ጀምሪ። ቄስም ይሁን፣ በሽተኛም ይሁን፣ እናትሽም ትሁን መጀመሪያ አስነሺ።» እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ይህን ቃል አልጣስኩም።

ከዓለም ከተማ ጊሼ ውስጥ ወዳለችው ራቤል ተዛወርኩ። የጊሼ ብርድ አጥንቴ ውስጥ የገባው ያኔ ነው። እዚያ የነበረው አለቃዬ ከፈረሱ በቀር ፍጡር የማያምን ሰው ስለነበር ተግባባን። አብዛኛው ሥራችን የበግ ሌባ መያዝ ነበር። የበግ ጆሮ ምልክት ማንበብ፣ የተሸለተ ፀጉር አይቶ ከየትኛው መንጋ እንደሆነ መገመት እዚያ ተማርኩ። በመጨረሻ ወደ መንዝ ተልኬ፣ ካኪም ለበስኩ፣ ወንጀል ምርመራ ላይም ተመደብኩ። ሴት መርማሪ አይተን አናውቅም ያሉ ነበሩ። አሁን አያችሁ አልኳቸው።

አሁን ወደዚያ ነገር ልምጣ።

ከሞላሌ ወዲያ ገደል ዳር የተቀመጠች አንዲት መንደር አለች። ሰዉ አፋፍ ብቻ ይላታል። ተክሌ የሚባል የዚያች መንደር ገበሬ፣ ሞላሌ ገበያ ውሎ ሲመለስ ቀረ። በማግሥቱ እንጨት ለቀማ የወረዱ ሰዎች ሬሳውን ከገደሉ ሥር አገኙት። ሸሚዙና ሱሪው አለ፤ ላዩ ላይ የሚደርበው ባና ግን የለም። ባና ማለት የመንዝ ሰው የበግ ፀጉር ልብስ ነው፤ ያለ እሱ በዚያ ብርድ ማንም ደጅ አይወጣም። ስለዚህ ወድቆ ነው የሚለውን ብዙ ሰው አልተቀበለም። ገደል ባና አይገፍም።

ሬሳው እንደተቀበረ አገሬው አውጫጭኝ ተቀመጠ። ይህ ሥርዓት በወረቀት ቀርቷል ቢባልም በአገር ቤት ያኔ አልቀረም ነበር። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ወንጀለኛው ካልታወቀ ወደ ቤቱ አይበተንም፤ እርሻው ቢደርስም፣ ከብቱ ቢራብም ያው ነው። የሚያውቅ ሰው ካለ ለተመረጡት ሽማግሎች በጆሮአቸው ይነግራል። ነጋሪው «ወፍ» ይባላል። ሽማግሎቹ ወፏ የጠቆመችውን ሰው ስም ለሕዝብ ያሰማሉ፣ ዝርዝሩን ለፖሊስ ብቻ ያደርሳሉ፤ ወፏ ማን እንደሆነች ግን እስከ መቃብር ላይናገሩ ይምላሉ። ወፏም ራሷን ላትገልጥ ትምላለች። እንዲህ ካልሆነ የተከሳሹ ዘመዶች ነጋሪውን ይገድሉታል።

የዚያን ጊዜ የአፋፏ ወፍ ቃል ይህ ነበር፦ «ተክሌ ጥቁር ባና ተከናንቦ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ሳለ ሚስቱ አስካለ ከኋላው መጥታ ገፋችው።»

ሻምበሉ፣ የጣቢያችን አዛዥ፣ ይህን ሲሰማ ነገሩ አለቀ ብሎ እጁን አራገፈ። አስካለን ይዤ እንድመጣ፣ ባናውንም ቤቷ ፈትሼ እንዳገኝ ላከኝ። ባናው እጇ ላይ ከተገኘ መሰቀሏ አይቀርም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

ስገባ ቤቱ በሐዘንተኛ ሴቶች ሞልቷል። አስካለ ወለሉ ላይ ቁርበት ተነጥፎላት ተቀምጣለች። ገና ልጅ ናት። ጡት የሚጠባ ወንድ ልጅ ጭኗ ላይ ተኝቷል። በወጉ መሠረት ፊቷን ቧጭራዋለች፣ ደም ደርቆበታል። ጎታውን፣ እንስራውን፣ መደቡን፣ የጣሪያውን ሣር ሳይቀር በረበርኩ። ጥቁርም ነጭም ባና የለም። ከዚያ ወደ እሷ ሄጄ ገላዋን ዳሰስኩ። እጅጌዋን ስሰበስብ ክንዷ ላይ ጠባሳ አየሁ፤ በጋለ ብረት የተተኮሰ ጠባሳ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። የእናት ቤት ሥራ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ጥቁሩ ባና የት አለ?» አልኳት።

«ጥቁር ባና?» አለች። «የሱ ባና ግራጫ ነው፣ እሜቴ። ወደ ገበያ ሲወጣ ለብሶት ነው የወጣው። ሁሉም አይቶታል።»

ሴቶቹም ግራጫ ነው፣ ግራጫ ነው አሉ። አስካለ ልጇን አቅፋ ለመነሣት ስትሞክር አንዲት አሮጊት «ሐዘንተኛ ከተቀመጠችበት ልታስነሣ ነው እንዴ ይቺ? ምን ዓይነት አረመኔ ላኩብን» ብላ አጉረመረመች። እኔም የራሴ ሐዘን ትዝ አለኝ። ትከሻዋን ያዝ አደረግኩና «ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ሽማግሎቹ ሰልስት እስኪወጣ ዋስ እንሁናት፣ ሐዘንተኛ ከቤቷ አትጎተት ብለው ለመኑ። ሻምበሉ ዘብ በር ላይ አቁሞ ፈቀደ። ሰልስቱ ሲወጣ ልጇን አዝላ ከፊታችን እየሄደች ጣቢያ ገባች።

እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ሚስቲቱን ሳይሆን ወፏን ጠረጠርኩ። ወፏ ያወራችው በመንደሩ ማንም ስለማያውቀው ጥቁር ባና ነው። ይህን ከማን ሰማች? ሻምበሉን ጠየቅኩት።

«አየች እንጂ ከማን ትሰማለች» አለኝ። «ሴትዮዋ አሳዘነችሽ መሰል።»

«አዘንኩላት ማለትዎ ነው?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ሰው ሲያለቅስ አይቶ የሚራራ ልብ ያለሽ አይመስለኝም ነበር።»

ነገሩ አናደደኝና በቅሎ አስጭኜ ሞላሌ ወረድኩ። ባና የሚሠሩትን ሸማኔዎች ተራ በተራ ስጠይቅ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ደረስኩ። የተሸመነውን ባና ገንዳ ውስጥ በፍል ውሃ ዘፍዝፈው በእግራቸው እየረገጡ አገኘኋቸው፤ ካልተረገጠ አይጠብቅም፣ ነፋስ ያስገባል። ተክሌን ስላቸው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ነፍሱን ይማር፣ ያን ቀን እዚህ ነበር። ጥቁር ባና አዞኝ፣ አልደረቀም ብለውም እምቢ አለና ገበያው እስኪበተን ጠበቀኝ። ጥቁሩ ፀጉር ስላነሰኝ ጫፉን በነጭ ጨረስኩለት፣ አውራ ጣት የሚያህል ነጭ። ቅር ብሎት ነበር። አሮጌውን ግን እዚሁ ጥሎልኝ ሄደ።» ግራጫውን ባና ከማዕዘን አንሥተው አሳዩኝ።

ተክሌ አዲሱን ለብሶ የወጣው ገበያተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ብቻውን ነው። ያን ባና ላዩ ላይ ያየ የአፋፍ ሰው ቢኖር፣ ተክሌን መንገድ ላይ ወይም ገደሉ አፋፍ ላይ ያገኘው ሰው ብቻ ነው። ወፏ እዚያ ነበረች። እዚያ የነበረ ሰው ደግሞ ለምን ጮኾ ሰው አልጠራም? ለምን ዝም ብሎ ቤቱ ገብቶ አውጫጭኝ እስኪቀመጥ ጠበቀ? ለእኔ መልሱ አንድ ሆነ፤ ወፏ ገዳይ ናት፣ ጣቷን ወደ ሚስቲቱ የቀሰረችው ራሷን ለመሸሸግ ነው።

ሽማግሎቹን መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ምለዋል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። የሟች ልብስ ለንስሐ አባቱ የመስጠት ወግ አለ። ቤት ለቤት እየዞርኩ «ልብሱ ለንስሐ አባቱ ሊሰጥ ነው፤ ምን ለብሶ ነበር?» እያልኩ ጠየቅኩ። በየማጀቱ ገብቼ ሽሮ በላሁ፣ ሕፃን አቀፍኩ። ሁሉም ግራጫ አለ። የሟች ታላቅ ወንድም የአሰፋ ቤት ስደርስ አሰፋ ቀንበር እየጠረበ ቀና እንኳ ሳይል «ጥቁሩ ከተገኘ ይሰጥ እንጂ» አለኝ።

ከአፉ እንደወጣ መጥረቢያው እጁ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ፈገግ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ወደ እሱ ያመለክት ጀመር። ከወንድሙ ጋር በርስት ሲካሰሱ ኖረዋል። ያን ምሽት የት ነበርክ ስለው ቤቴ ነበርኩ አለ፤ ጎረቤቱ ደግሞ ከገደሉ በኩል ሲመጣ አይቶታል። ውሸቱን ፊቱ ላይ ስዘረግፍለት ቃሉን አልለወጠም፣ አልተቆጣምም። የሃምሳ አለቃ ንጋቱን ዘዴ ተጠቅሜ ፊቱ ተቀምጬ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። በመጨረሻ የተነፈሰው ይህን ብቻ ነው፦

«መናገር ባለብኝ ቦታ ተናግሬአለሁ።»

ትዕቢት መሰለኝ። «እንግዲያው ፍርድ ቤት ትደግመዋለህ» አልኩት።

ፍርድ ቤትም አልደገመው። ሸማኔው መሰከሩ፣ ጎረቤቱ መሰከረ፣ እኔ መሰከርኩ። ዳኛው «ወፏ አንተ ነህ?» ብለው ሲጠይቁት አሰፋ ዘወር ብሎ ኋላ ወደተቀመጡት የአውጫጭኙ ሽማግሎች አየ። ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። በእሱ አፍረው ነው ብዬ ደመደምኩ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። አስካለ ተፈታች፣ ልጇን እንዳዘለች መጥታ ጉልበቴን ሳመች። ሻምበሉ ያን ዕለት የእጅ ሰላምታ ሰጠኝ። ለሴት ሰጥቶ አያውቅም ነበር።

አሰፋ ጥቂት ዓመት ታስሮ በሳንባ በሽታ ሞተ። ልጆቹ «የወንድሙ ገዳይ ልጆች» ተብለው ሚስት የሚሰጣቸው ጠፋ። ይህን ስሰማ አላዘንኩም፤ የአባታቸው ሥራ ነው አልኩ። ነገሩን ለአዲስ ፖሊሶች ስተርክ ኖርኩ። ሽሮ የበላሁበትን ሳይቀር እተርከው ነበር።

ከተሸኘሁ በኋላ፣ ዝናብ ያባራ አንድ ቀን፣ አንዲት ሸበቶ ሴት እቤቴ መጣች። እስክታወራ አላወቅኳትም። አስካለ ናት። ጡረታ መውጣቴን ሰምታ ስጦታ ይዛልኝ መጥታለች። ከሞላሌ በአውቶቡስ መጣሁ፣ መንገዱ ወገቤን ቆረጠኝ አለች። ዳቦ ቆረስኩላት፣ ስለ ልጇ ጠየቅኳት። አድጓል፣ ያርሳል አለች። ከዚያ የያዘችውን ጥቅል ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

«ብርድ እንዳይነካዎት» አለች።

ፈታሁት። ጥቁር ባና ነው፣ ያረጀ፣ ግን በደንብ የተያዘ። ዘርግቼ ሳየው ጫፉ ላይ ነጭ አለው። አውራ ጣቴን አስጠጋሁት። ልክ ነው።

ባናውን መልሼ ጉልበቴ ላይ አጠፍኩት።

«ከየት አመጣሽው?» አልኩ።

«እርስዎ ሲፈልጉት የነበረው ነው፣ እትዬ በላይነሽ። ስገፋው እጄ ላይ ቀረ።»

«ገፋሁት ነው የምትይው?»

«ገፋሁት። ያን ምሽት ሸሽቼ ወደ እናቴ ቤት ስሄድ ገደሉ አፋፍ ላይ ደረሰብኝ። ቤት ስንገባ ብረቱን አግለዋለሁ አለኝ። ቆሞ ሲያለከልክ፣ ጀርባውን ሲሰጠኝ ገፋሁት።»

«አሰፋስ?»

«አየኝ። ያየውን ተናገረ። አሰፋ አልዋሸም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረም? ስይዘው፣ ሳሳስረው ለምን ዝም አለ?»

«ምሎ ነዋ» አለች፤ ይህን ማስረዳት እንደሚያስፈልገኝ ገርሟት። «ሽማግሎቹም ምለው። እኔ በየቀኑ ዛሬ ይናገራል እያልኩ ጠበቅኩ። አልተናገረም።»

እኔ የመንዝ ዳቦ የበላሁ ሴት፣ ወፏ እንደምትምል እያወቅኩ፣ መሐላውን የጥፋተኛ ዝምታ አደረግኩት። ግን አሁንም አንድ ነገር አልገባኝም። ያን ቤት ጣሪያውን ሳይቀር በርብሬዋለሁ።

«የት ነበር?» አልኩ።

«ከቁርበቱ ሥር። ተቀምጬበት ነበር። ሰልስት ዕለት እናቴ ከጋቢዋ ሥር ለብሳው በዘቡ ፊት ወጣች።» ነጠላዋን አስተካከለች። «እርስዎ ሲገቡ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ተነሺ ከማለትዎ በፊት ልነሣ ብዬ ልጄን አቀፍኩ። ልቤ ተዘጋጅቶ ነበር። እርስዎ ግን ትከሻዬን ይዘው ‹ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ› አሉኝ። ከእናቴ በቀር እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ተቀመጥኩ።»

«አሁን ለምን አመጣሽው?»

«ልጄ አውጥቶ ሊለብሰው ጠየቀኝ። ይህን እንዴት አለብሰዋለሁ? መጣልም እምቢ አለኝ። ለሚያየው ያሳዩት። እኔ ቤቴ ነኝ፣ ከመጡ አለሁ።»

አልተቆጣኋትም፣ አልሰደብኳትም። አሁን ሳስበው የተቆጣሁት በአሰፋ ነው፤ አንድ ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት። ቀጥሎ ደግሞ በራሴ። ሃምሳ አለቃ ንጋቱ በሕይወት ቢኖሩ ቆሎአቸውን እየቆረጠሙ «ተነሥታ ነበር?» ይሉኛል። ሌላ ነገር አይሉኝም።

በማግሥቱ ባናውን ብብቴ ሥር አድርጌ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ያ ንግግር ያደረገው ወጣት መኮንን ነው። ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት። እስክጨርስ ሰምቶ፣ ፊቱን አሸት አሸት አደረገ።

«እማማ፣ ሰውየው ሞቷል። እሷም አርጅታለች። ማን ምን እንዲደረግ ነው የሚፈልጉት?»

«የአሰፋ ልጆች አባታቸው እንዳልዋሸ ይስሙ። በዋናነት ይህን። የሷን ጉዳይ ዳኛ ይየው። የኔን ደግሞ ጻፍ፤ ስሕተት አልተገኘባትም ብለህ አልነበር?»

ልጁ አፈረ። ብዕሩን አንሥቶ መልሶ አኖረው። ከዚያ ከጠረጴዛው ጀርባ ዞሮ መጣና ወንበሩን ሳበልኝ፤ «እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እማማ» አለ።

ቆሜ ቃሌን ሰጠሁ።